ደም መጣጭ ነፍሳትን ለበሽታ ምርመራ መጠቀም፦ የዜኖዲያግኖሲስ ዘዴና ትምህርቱ

መግቢያ

ስለ ደም መጣጭ ነፍሳት ሲነሣ በመምህራንም ሆነ በተማሪዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሚያደርሱት ጉዳት ነው። የወባ ትንኝ ወባን፣ የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን፣ የቆላ ዝንብ በከብት ላይ ገንዲን እንደሚያስተላልፉ በየክፍሉ ይነገራል። ከእነዚሁ ነፍሳት አንዳንዶቹ በተመራማሪ እጅ ሲገቡ በሽታን ለይቶ ማወቂያ መሣሪያ ሊሆኑ መቻላቸው ግን እምብዛም አይነገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የምርመራ ዘዴ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። ዘዴው ከሌሎች ምርመራዎች የሚለይበትን አንድ ነጥብ አጥብቆ ማሳየትም ይፈልጋል። ይኸውም ሌሎቹ ምርመራዎች «ይህ አካል ተውሳኩን ይዟልን?» ብለው ሲጠይቁ፣ የነፍሳቱ ምርመራ ከዚህ አልፎ «ይህ አካል ተውሳኩን ለሌላ ሊያቀብል ይችላልን?» ብሎ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መስለው ቢታዩም አንድ አይደሉም። በሽታን ለመከላከል የሚወጣ ዕቅድ ሁለቱን ካምታታ ገንዘብም፣ ጊዜም፣ የሰው ሕይወትም ይባክናል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴው አመጣጥ

ነፍሳትን በበሽተኛ ደም አብልቶ በሆዳቸው ውስጥ የሚሆነውን መመልከት የተጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በ1877 ፓትሪክ ማንሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በቻይና አሞይ ከተማ ሲሠራ የፊላሪያ ትል በደሙ ውስጥ የነበረበትን አገልጋዩን በትንኞች አስነክሶ ትሉ በትንኟ አካል ውስጥ ሲያድግ ተመለከተ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር በሴኩንደራባድ በወባ በሽተኛ ላይ የተመገቡ ትንኞችን ሆድ እየከፈተ ሲመረምር የወባን ተውሳክ በጨጓራቸው ግድግዳ ላይ አገኘ። ሁለቱም ይህን ያደረጉት በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ እንጂ በሽተኛውን ለመመርመር አልነበረም። ይሁን እንጂ ለኋለኛው ዘዴ መንገዱን ጠረጉለት።

ዘዴው በራሱ ስም የቆመው በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው የሻጋስ በሽታ ጋር ተያይዞ ነው። ካርሎስ ሻጋስ የተባለው ብራዚላዊ ሐኪም በሚናስ ዤራይስ ክፍለ ሀገር ላሳንስ በተባለች መንደር የተላከው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ያስቸገረውን ወባ ለመከላከል ነበር። በዚያም በጭቃ ቤቶች ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ፣ ሌሊት ወጥቶ የተኙ ሰዎችን ደም የሚመጥ፣ ከተለመደው ትኋን በመጠን እጅግ የሚበልጥ ነፍሳት እንዳለ ተነገረው። የአገሩ ሰዎች ፊት ላይ ስለሚነክስ «ባርቤይሮ»፣ ማለትም «ፀጉር አስተካካዩ»፣ ይሉታል። ሻጋስ የትኋኑን ሆድ ሲመረምር ጅራፍ መሰል ጭራ ያላቸው ረቂቅ ሕያዋን አገኘ። ትኋኖቹንም ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ለመምህሩ ለኦስዋልዶ ክሩዝ ላከ። በዚያ ትኋኖቹ የነከሷቸው ትንንሽ ጦጣዎች ተውሳኩ በደማቸው ውስጥ ታየ። በ1909 ሻጋስ ይህንኑ ተውሳክ በአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ አገኘው፤ ተውሳኩንም አስቀድሞ ለመምህሩ መታሰቢያ ትሪፓኖሶማ ክሩዚ ብሎ ሰይሞት ነበር። እንግዲህ በዚህ በሽታ ታሪክ ተውሳኩ የተገኘው በመጀመሪያ በነፍሳቱ፣ ቀጥሎ በእንስሳ፣ በመጨረሻ በሰው ላይ ነው። ምስጢሩን ቀድሞ የገለጠው ትኋኑ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን ወደ ምርመራ ዘዴ የለወጠው ፈረንሳዊው የጥገኛ ተውሳክ ሊቅ ኤሚል ብሩምፕት ነው። ብሩምፕት ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በወጣትነቱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ በዘለቀው የዱ ቡር ደ ቦዛ የጉዞ ቡድን ውስጥ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሆኖ አገራችንን ተመልክቷል። በ1912 የሻጋስ ተውሳክ የሚተላለፈው በትኋኑ ንክሻ ሳይሆን በኩሱ መሆኑን አስረዳ። በ1914 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ንጹሕ ትኋኖችን በተጠርጣሪው ሰው ላይ አብልቶ ከጊዜ በኋላ ሆዳቸውን በመመርመር በሽታውን ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ገለጸ። ዘዴውንም «ዜኖዲያግኖሲስ» አለው። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «ዜኖስ» እንግዳ ወይም ባዕድ፣ «ዲያግኖሲስ» ደግሞ ለይቶ ማወቅ ማለት ነው። ስለሆነም በአማርኛ «በባዕድ አካል አማካይነት በሽታን ለይቶ ማወቅ» ብለን ልንፈታው እንችላለን።

አሠራሩ

የሻጋስ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተውሳኩ በደም ውስጥ ስለሚበዛ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ተውሳክ ወደ ልብና ወደ ሌሎች ጡንቻዎች ገብቶ ይሸሸጋል። በሽተኛው ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ ከተያዙት መካከል የተወሰኑት ከረጅም ጊዜ በኋላ በልብ ሕመም ይጎዳሉ። በዚህ ረጅም ጊዜ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ተውሳክ እጅግ ጥቂት በመሆኑ በመስታወት ላይ በተቀባች አንዲት የደም ጠብታ ውስጥ ማግኘት አይቻልም ለማለት ይቻላል።

ትኋኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ትኋኖቹ በአንድነት የሚመጡት ደም በአንዲት ጠብታ ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። በሁለተኛ ደረጃ ተውሳኩ በትኋኑ አንጀት ውስጥ ምቹ ቦታ አግኝቶ ይራባል። በመሆኑም ከደሙ ጋር የገቡት ጥቂት ተውሳኮች ከሳምንታት በኋላ በርካታ ሆነው ይገኛሉ። ትኋኑ ዘሩን ተቀብሎ የሚያበቅል ሕያው ማሳ ነው ማለት ይቻላል።

በተለመደው አሠራር ለምርመራው የሚያገለግሉት ትኋኖች በቤተ ሙከራ ከእንቁላል ጀምሮ በንጹሕ ደም ያደጉ ናቸው። ተውሳኩ ከእናት ትኋን ወደ እንቁላሏ ስለማያልፍ እንዲህ ያደጉት ከበሽታ ነጻ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው። ክንፍ ያላወጡና ገና ያልደረሱ 40 ትኋኖች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት እንዲራቡ ከተደረገ በኋላ በአራት ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ አሥር አሥር ሆነው ይገባሉ። የሣጥኑ አፍ በስስ ጨርቅ ይሸፈንና በበሽተኛው ክንድ ላይ ይታሰራል። ትኋኖቹም በጨርቁ ውስጥ መምጫቸውን አሳልፈው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጠግባሉ። ንክሻቸው ብዙም አያምም፤ ሆኖም የቆዳ ማሳከክና እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ከ30 እና ከ60 ቀናት በኋላ የትኋኖቹ ኩስና የአንጀታቸው ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ጭራውን እያወራጨ የሚዋኝ ተውሳክ በአንዱ እንኳ ከተገኘ በሽተኛው ተውሳኩን የያዘ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ በሰው ክንድ ፈንታ ከበሽተኛው የተቀዳውን ደም በስስ ሽፋን ውስጥ አሙቆ ለነፍሳቱ ማቅረብ ተለመደ። ይህም በሽተኛውን ከንክሻው አድኖታል። በወባ ምርምርም ትንኞችን በዚሁ ዓይነት መመገብ ዛሬ የታወቀ አሠራር ነው።

«አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ምርመራ «ተገኘ» ሲል ሊታመን ይገባል። «አልተገኘም» ሲል ግን «የለም» ማለቱ አይደለም። በሽታው እንደጀመረ በሚደረግ ምርመራ ዘዴው በሽተኞቹን ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ለይቶ ያወጣል። በቆየው በሽታ ላይ ግን በብዙ ጥናቶች በሌላ መንገድ በሽታው እንዳለባቸው ከተረጋገጠው ሰዎች መካከል ለይቶ የሚያገኘው ከግማሽ በታች የሚሆኑትን ነው።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ትኋን በአንድ መመገብ ተውሳኩን የማግኘት ዕድሏ ከ100 አምስት ነው እንበል። ሳታገኝ የመቅረት ዕድሏ 0.95 ይሆናል። አሥር ትኋኖች ሁሉም ሳያገኙ የመቅረታቸው ዕድል 0.95 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 0.60 ያህል ነው። ይህም ማለት ከ100 እንዲህ ካሉ በሽተኞች 60ዎቹ ያመልጣሉ ማለት ነው። ትኋኖቹ 40 ቢሆኑ የሚያመልጡት ወደ 13 ይወርዳሉ። የአንዲቷ ትኋን ዕድል ከ100 ሁለት ብቻ ከሆነ ግን 40ም ትኋኖች ተመግበው ከ100 በሽተኞች 45 ያህሉ ያመልጣሉ። በምርመራው የትኋኖቹ ቁጥር መብዛቱና ምርመራው መደጋገሙ ስለዚህ ነው።

ይህ ስሌት በሕክምና ሥራ ላይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። መድኃኒት የወሰደ በሽተኛ በትኋን ተመርምሮ ተውሳኩ ከተገኘበት መድኃኒቱ እንዳልፈወሰው ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ካልተገኘበት ግን ተፈውሷል ብሎ ለማሰናበት በቂ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ለበሽታው ምርመራ በአብዛኛው የሚያገለግለው በደም ውስጥ ያለውን የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር የሚለየው ምርመራ ነው። የተውሳኩን ዘረመል በቤተ ሙከራ አባዝቶ የሚያሳየው ዘዴም ይሠራበታል። እነዚህ ፈጣኖች ናቸው፤ የ60 ቀን መጠበቅንም አይጠይቁም። ታዲያ የነፍሳቱ ምርመራ እስከ ዛሬ የዘለቀው ለምንድን ነው? መልሱ በሚቀጥለው ክፍል ይገኛል።

የያዘ ሁሉ ያቀብላልን?

የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ መገኘቱ ሰውየው ተውሳኩን አንድ ጊዜ እንደተቀበለ ያሳያል። የዘረመል ምርመራ ደግሞ የተውሳኩ ቅሪት መኖሩን ይናገራል። ነገር ግን ነፍሳት መጥተው ቢመግቧቸው ከእነዚህ ሰዎች ወይም እንስሳት ማን በርግጥ በሽታውን እንደሚያሻግር አንዳቸውም በቀጥታ አይነግሩንም። ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው አሻጋሪው ነፍሳት ራሱ ነው። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ከሰሜን አርጀንቲና ነው። በሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ክፍለ ሀገር በአማማና በአካባቢዋ መንደሮች ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሰውን፣ ውሻንና ድመትን በትኋን ሲመረምሩ ኖረዋል። በተያዙ ውሾችና ድመቶች ላይ የተመገቡት ትኋኖች በተያዙ አዋቂ ሰዎች ላይ ከተመገቡት ይልቅ በብዙ እጥፍ ተውሳኩን ሲቀበሉ ተገኙ። በዚህ ላይ ተመሥርተው ጆኤል ኮኸንና ሪካርዶ ጉርትለር በ2001 ባወጡት የሒሳብ ጥናት ውሾች ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድሩ ማድረግ በቤት ውስጥ ያለውን መተላለፍ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ማንኛውም ገበሬ በቤቱ ሊፈጽመው የሚችል ምክር ከትኋኖቹ ምስክርነት ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከስፔን ነው። ከ2009 ጀምሮ ከማድሪድ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በፉዌንላብራዳ ከተማና በአካባቢዋ የሌይሽማኒያ በሽታ ባልተጠበቀ ሁኔታ ተስፋፍቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። በዚያ አገር የተውሳኩ ዋና ቋት ውሻ መሆኑ ስለታወቀ ጥርጣሬው በመጀመሪያ ያረፈው በውሾች ላይ ነበር። ሆኖም በአካባቢው ውሾች ላይ ወረርሽኙን የሚያስረዳ ያህል በሽታ አልተገኘም። በከተማው ዳር በተዘጋጀው ሰፊ መናፈሻ ውስጥ የተራቡት የዱር ጥንቸሎች በቤተ ሙከራ ባደጉ የአሸዋ ዝንቦች ሲመረመሩ ግን ዝንቦቹ ተውሳኩን ተቀበሉ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። የመከላከል ሥራውም ወደ መናፈሻውና ወደ ጥንቸሎቹ ዞረ።

ሦስተኛው ከሕንድ አገር ከቢሃር ክፍለ ሀገር ነው። በካላዛር አካባቢ ተውሳኩን ተቀብለው ሳይታመሙ የሚኖሩ ሰዎች ከታመሙት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። እነዚህ ጤነኞች በሽታውን የሚያሰራጩ ከሆነ እነርሱን ሁሉ ፈልጎ ማከም ግድ ይሆናል፤ ይህም ከማንኛውም የጤና በጀት አቅም በላይ ነው። በ2021 በታተመው ጥናት በቤተ ሙከራ ያደጉ የአሸዋ ዝንቦች በሦስት ወገን ሰዎች ላይ እንዲመገቡ ተደረገ። ካላዛር ካለባቸው በሽተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ዝንቦቹን በከሉ። ከካላዛር ከዳኑ በኋላ በቆዳቸው ላይ ምልክት ከወጣባቸው ሰዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ሆኑ። ተውሳኩን ተቀብለው ካልታመሙት ከ180 በላይ ሰዎች ግን አንድም ዝንብ አልተበከለም። በባንግላዴሽ የተደረገ ሌላ ጥናትም የቆዳ ምልክት ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝንቦችን እንደሚበክሉ አሳይቷል። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ቀዳሚ ተግባር መሆን ያለበት የታመመውን ፈጥኖ ማግኘትና ማከም ነው። ሕመም የማይሰማውን፣ ዳንሁ ብሎ የተቀመጠውን ባለ ቆዳ ምልክትም መዘንጋት አይገባም።

ዘዴው ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነት

በኢትዮጵያ የካላዛር በሽታ በተለይ በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በመተማና በሑመራ አካባቢ የታወቀ ሲሆን በዚያ የሚያስተላልፈው ፍሌቦቶሙስ ኦሪየንታሊስ የተባለው የአሸዋ ዝንብ ነው። በቢሃር የሚያስተላልፈው ግን ሌላ ዓይነት፣ ፍሌቦቶሙስ አርጀንቲፔስ የተባለው ነው። ስለሆነም የቢሃርን ውጤት እንዳለ አንሥቶ በመተማ ላይ ማሳረፍ አይገባም። አንድ ነፍሳት በአንድ አገር የሰጠው ምስክርነት የሚጸናው ለዚያው ነፍሳት፣ ለዚያው ተውሳክና ለዚያው አገር ነውና።

በወባ ረገድ ይኸው ዘዴ በአገራችን ጠቃሚ አገልግሎት ሰጥቷል። አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ትንኝ በከተማ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ገንዳ ውስጥ ስለምትራባ ወባን ወደ ከተሞች ታስገባለች የሚል ሥጋት አሳደረች። ነገር ግን መገኘቷ ብቻ ማስተላለፏን አያረጋግጥም። ስለሆነም በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተሰበሰቡ እጮች ያደጉ ትንኞች የኢትዮጵያውያን የወባ በሽተኞችን ደም በስስ ሽፋን ውስጥ እንዲመገቡ ተደርጎ ቆይቶ ተመረመሩ። በ2021 እንደታተመው ሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቪቫክስ፣ በትንኟ ውስጥ አደጉ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተገልብጧል፤ በሽተኛው ታውቆ የተመረመረችው ትንኟ ናት። መሣሪያው ግን ያው ነው፤ ሥጋቱም መሠረት ያለው መሆኑ በማስረጃ ታወቀ።

የዘዴው ገደብና ጥንቃቄው

ዘዴው ያለ ችግር አይደለም። አንደኛ፣ ነፍሳትን ከትውልድ ወደ ትውልድ በንጽሕና ማርባት የሠለጠነ ሰውና የማይቋረጥ ክትትል ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ የተመገቡት ነፍሳት ተውሳኩን የያዙ ስለሚሆኑ አንዱ እንኳ እንዳያመልጥ፣ መርማሪውም እንዳይበከል ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የነፍሳቱ ዝርያ ለአካባቢው ተውሳክ የሚስማማ ካልሆነ ውጤቱ ያሳስታል። አራተኛና ዋነኛው፣ የሚመረመረው ሰው ለምን እንደሚነከስ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት በፈቃዱ መቀበል አለበት። ነፍሳቱ የሚመረመሩት ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ለታመመ ሰው ውጤቱን እየጠበቁ ሕክምናን ማዘግየት አይገባም።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መምህራን የዚህን ዘዴ ዋና ሐሳብ ያለ አንዳች ነፍሳት ሊያስተምሩ ይችላሉ። 95 ነጭና አምስት ቀይ ቦሎቄ በአንድ ከረጢት ውስጥ ተደባልቀው ይቅረቡ። እያንዳንዱ ተማሪ ሳያይ አንድ ፍሬ አውጥቶ ቀለሙን መዝግቦ ይመልስ። አሥር ጊዜ ተወጥቶ ቀይ ያላገኘው ቡድን «በከረጢቱ ውስጥ ቀይ የለም» ቢል ልክ ነውን? አርባ ጊዜ ቢወጣስ? ተማሪዎቹ ያገኙትን ውጤት ከላይ ከተሰጠው ስሌት ጋር ቢያስተያዩ የሒሳብና የባዮሎጂ ትምህርቶች በአንድ ላይ ይገናኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን ያላዩትን ሁሉ «የለም» ከማለት መቆጠብን ይማራሉ።

ዕቅድ አውጪዎችም አንድ የምርመራ ውጤት ሲቀርብላቸው አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው «ይህ ምርመራ የመለሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?» ብለው ነው። የተያዙትን ቁጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለሕክምና የሚያስፈልገውን መድኃኒት ለመገመት ይረዳል። መተላለፍን ለማቆም ግን የሚያቀብሉት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። በአርጀንቲና ውሻው፣ በስፔን ጥንቸሉ፣ በቢሃር በሽተኛውና ባለ ቆዳ ምልክቱ ሆነው ተገኙ። በሦስቱም ቦታ ገንዘቡና ድካሙ የት መዋል እንዳለበት ያመለከተው በሽታውን የሚያሻግረው ያው ደም መጣጭ ነፍሳት ነው። ከደመኛችንም እንኳ ቢሆን እውነተኛ ምስክርነት ሲገኝ ማድመጥ ይገባል።